ፋይሉን የሚጽፈው ማነው?

የሰርቨሩን ኮንፊግ (ቅንብሩ የተጻፈበትን ፋይል) አስተካክላለሁ። እሞክረዋለሁ፤ ይሠራል። ትንሽ ዞር ብዬ ስመለስ ፋይሉ ወደ ድሮው ተመልሶ አገኘዋለሁ። ይሄ ነገር ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አሳጥቶኛል። ሰርቨሮቻችሁን በእጅ ሳይሆን በአውቶሜሽን የምታስተዳድሩ ከሆነ አንድ ቀን እናንተንም ያገኛችኋል። እኔ ላይ የባከነው ጊዜ እናንተ ላይ እንዳይደገም ያየሁትን ልንገራችሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ስድስት ዌብ ሰርቨሮች ነበሩን። ሁሉም ላይ ኤንጂንኤክስ የሚባለው የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም ይሠራል፤ ከፊታቸው ጥያቄዎችን ለስድስቱ የሚያከፋፍል ሎድ ባላንሰር አለ። ተጠቃሚዎች ትልልቅ ሰነድ ሲጭኑ 413 የሚል ስህተት ይመጣባቸው ጀመር። የተላከው ፋይል ሰርቨሩ ከሚፈቅደው መጠን በልጧል ማለት ነው። ኤንጂንኤክስ ካልነገሩት በስተቀር የሚቀበለው እስከ 1 ሜጋባይት ብቻ ነው። ኮንፊጎችን ወደ ሁሉም ሰርቨር የሚልክልን መሣሪያ አንሲብል ነው። እሱ ላይ ቴምፕሌቱን (ፋይሉ የሚዘጋጅበትን ናሙና) ከፍቼ ገደቡን 20 ሜጋባይት አደረግኩት። ስድስቱም ላይ አስኬድኩት። ሞከርኩት፤ ሠራ። ጉዳዩን ዘጋሁት።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። 413 ተመልሷል። የሚገርመው ደግሞ ለአንዳንዱ ሰው ይሠራል፣ ለአንዳንዱ አይሠራም። ያው ሰው ራሱ አንዴ ይሳካለታል፣ ሌላ ጊዜ እምቢ ይለዋል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። አንዱን ሰርቨር ዘልዬው ይሆናል አልኩ። አንሲብልን እንደገና አስኬድኩት። ስድስቱም ላይ «ለውጫለሁ» የሚል መልስ ሰጠኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተነሳሁ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። መልሱ ያኔ ዓይኔ ሥር ነበር። እኔ ቴምፕሌቱን ከጠዋት ጀምሮ አልነካሁትም። አንሲብል ደግሞ የሚለወጥ ነገር ካላገኘ «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ያልፋል እንጂ ፋይሉን አይነካውም። ታዲያ ምን አግኝቶ ነው የለወጠው? በመሀል ሌላ ሰው ወይም ሌላ ፕሮግራም ፋይሉን ስለጻፈበት ነው። አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ አከታትላችሁ ስታስኬዱ ሁለተኛው ላይ ለውጥ ካያችሁ ነገር አለ። እኔ ይሄን ለመረዳት ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

በሁለተኛው ቀን ፋይሉን መክፈት ትቼ ሰዓቱን ማየት ጀመርኩ። ስታት የሚለው ትዕዛዝ ፋይሉ መቼ እንደተለወጠ ይናገራል። በአንደኛው ሰርቨር ላይ ሰዓቱን ጻፍኩ፤ 10፡07። አስተካከልኩትና ጠበቅሁ። 10፡37 ላይ ተመለሰ። እንደገና አስተካከልኩ። 11፡07። ሌላው ሰርቨር ላይ ደግሞ ደቂቃው 19 እና 49 ነበር። ሦስተኛው ላይ ሌላ።

በየ30 ደቂቃው። ይሄን ቁጥር ሳይ ወዲያው ከአንሲብል በፊት እንጠቀምበት የነበረው ተመሳሳይ መሣሪያ፣ ፐፔት፣ ትዝ አለኝ። ፐፔት ካልተነገረው በስተቀር በየ30 ደቂቃው ነው የሚዞረው።

ግን እኮ ፐፔት ከእነዚህ ሰርቨሮች ላይ ወጥቷል ተብሎ ነበር! ወደ አንሲብል ስንዛወር የፐፔት ሰርቪስ (ከጀርባ ሁልጊዜ የሚሠራው ፕሮግራም) እንዲቆም ተደርጓል። እኔም አየሁ፤ ሰርቪሱ በእርግጥ ቆሟል። ሲስተም ሎጉን ስፈትሽ ግን በየግማሽ ሰዓቱ የፐፔት መልዕክት አለ። የኤንጂንኤክስ ፋይል ይዘት ከዚህ ቼክሰም (ከይዘቱ የሚሰላ መለያ) ወደዚያ ቼክሰም ተለወጠ ይላል። ሥራዎችን በተቀጠረላቸው ሰዓት የሚያስነሳው ክሮን ውስጥ ገብቼ ሳይ ተገለጠልኝ። ድሮ ፐፔት ብዙ ሜሞሪ ይበላል ተብሎ እንደ ሰርቪስ ሳይሆን በክሮን አንድ አንድ ጊዜ እየተነሳ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። ሰርቪሱን ያቆመው ሰው ክሮኑን አላወቀም።

አንጋፋ ባልደረባችን ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይሄን ክሮን ያስገቡት እርሶ ነዎት?» አልኳቸው።

ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩት። «አዎ፣ እኔ ነኝ። ደቂቃው ከሰርቨሩ ስም ነው የሚሰላው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ማዕከላዊውን ሰርቨር እንዳያጨናንቁት ብዬ ነው» አሉኝ።

ሁሉም ነገር ገጠመ። እያንዳንዱ ሰርቨር በራሱ ደቂቃ ስለሚመለስ፣ አንሲብልን ካስኬድኩ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ አንዳንዶቹ አዲሱን፣ አንዳንዶቹ አሮጌውን ኮንፊግ ይዘው ይገኛሉ። ሎድ ባላንሰሩ ደግሞ ተጠቃሚውን አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይልከዋል። «አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም» የተባለው ለዚህ ነው።

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። ለኮንፊገሬሽን ፋይል ግን ይሄ አይሠራም። ምክንያቱ ከመሣሪያዎቹ አፈጣጠር ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1993 ማርክ በርጌስ ኦስሎ ውስጥ ሲኤፍ ኢንጂን የሚባለውን ተመሳሳይ መሣሪያ ሲሠራ ያመጣው ትልቅ ሐሳብ ነበር። ለማሽኑ ምን ምን እርምጃ እንደሚወስድ አትነግረውም። መጨረሻ ላይ ምን መምሰል እንዳለበት ትነግረዋለህ። እሱ እየደጋገመ ያያል፤ የተለየ ነገር ካገኘ ወደተባለው ሁኔታ ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የመጣው ፐፔትም፣ በ2012 የመጣው አንሲብልም በዚሁ መንገድ ነው የሚያስቡት። በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ሁለት መሣሪያዎች ስለ አንድ ፋይል የተለያየ ነገር ከተነገራቸው ሁለቱም የሌላውን ሥራ እንደ ስህተት ያዩታል። ሁለቱም በታማኝነት ያርሙታል። አንዳቸውም አልተበላሹም። ለዚህ ነው ሎግ ላይ ቀይ መስመር የማታገኙት። ሁለቱም «ተሳክቷል» ነው የሚሉት።

አሁን አንድ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሄንኑ ሲመክር እሰማለሁ። ክሮኑን ከማግኘቴ በፊት ተበሳጭቼ ፋይሉን ቆለፍኩት። ሊኑክስ ላይ ቻተር የሚባል ትዕዛዝ አለ። በእሱ ፋይሉን የማይለወጥ ካደረጋችሁት ሩት የሚባለው የበላይ ተጠቃሚ እንኳ ምልክቱ እስኪነሳ ድረስ መጻፍም መሰረዝም አይችልም። 413 ጠፋ። እፎይ አልኩ።

የጠፋው ግን 413 ብቻ አልነበረም። ፐፔት በየግማሽ ሰዓቱ ያንን ፋይል ለመጻፍ ይሞክርና «አልተፈቀደም» ይባላል። አንድ ነገር ሲከሽፍበት ደግሞ በእሱ ላይ የተንጠለጠሉትን ሁሉ ይዘላቸዋል። ከተዘለሉት መካከል የድረ ገጹ የደህንነት ሰርተፍኬት ሲታደስ ኤንጂንኤክስን ሪሎድ (እንደገና እንዲያነብ) የሚያደርገው ነበረበት። ሰርተፍኬቱ ታድሷል፤ ዲስክ ላይ አዲሱ አለ። ኤንጂንኤክስ ግን ሜሞሪው ላይ ያለውን አሮጌውን ይዞ ቀጠለ። የአሮጌው ጊዜ ሊያልፍ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው ያወቅነው። ፋይል መቆለፍ ጠቡን አያበርደውም፣ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ከእናንተ በፊት የነበረ ሰው ቆልፎ ትቶ እንደሆነ ለማየት ደግሞ ኤልኤስአተር የሚለውን ትዕዛዝ ተጠቀሙ። ሩት ሆናችሁ «አልተፈቀደም» ከተባላችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። የፋይል ግጭት ሥሩ ጸሐፊው ነው። «ፋይሉ ውስጥ ምን አለ?» የሚለውን ትታችሁ «ማን ነው የሚጽፈው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ ግምት አያስፈልግም። ሊኑክስ ራሱ መልሱን ይሰጣችኋል።

ይሄን የተማርኩት በሚቀጥለው ጉዳይ ነው። በሌላ ሰርቨር ላይ የዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት) አድራሻ የሚጻፍበት ሪዞልቭ ኮንፍ የሚባለው ፋይል እየተቀየረ አስቸገረን። እሱ ላይ ሰዓቱ አልረዳኝም። አንዳንዴ በቀን አንዴ፣ አንዳንዴ በሦስት ቀን ነው። የዚህ ፋይል ችግር ፈላጊው መብዛቱ ነው። ኔትወርክ ማኔጀር ይጽፈዋል። ለማሽኑ የአይፒ አድራሻ ከኔትወርኩ የሚከራየው የዲኤችሲፒ ክላየንት ይጽፈዋል። የዲኤንኤስ ጥያቄዎችን የሚያስተናግደው ሲስተምዲ ሪዞልቭድ አለ። ቪፒኤን ይጽፈዋል። በዚህ ላይ የእኛ አንሲብል።

ኦዲትዲ የሚባለውን ሰርቪስ ከፈትኩ። ኦዲትሲቲኤል በሚለው ትዕዛዝ «ይህን ፋይል የሚጽፍ ወይም ባሕርዩን የሚለውጥ ካለ መዝግብልኝ» ብዬ አንድ ደንብ አስገባሁ፤ ስምም ሰጠሁት። ከዚያ ሌላ ሥራዬን ቀጠልኩ። ፋይሉ ሲቀየር ኤዩሰርች በሚለው ትዕዛዝ በዚያ ስም ፈለግሁ። መልሱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ፕሮግራሙ የትኛው እንደሆነ፣ ማን እንዳስነሳው፣ በስንት ሰዓት፣ ሁሉም አለ።

እዚያ ውስጥ ኤዩአይዲ የሚባል ቁጥር አለ፤ እሱን ልብ በሉት። ሰው በራሱ ስም ገብቶ ሱዶ በሚባለው ትዕዛዝ ሩት ቢሆንም ይህ ቁጥር አይለወጥም፤ መጀመሪያ የገባበትን ማንነት ይዞ ይቀጥላል። ቁጥሩ 4294967295 ከሆነ ደግሞ ማንም ሰው አልገባም፤ ሲስተሙ ራሱ ያስነሳው ሰርቪስ ነው ማለት ነው። የእኔ ላይ ያ ረጅም ቁጥር ነበር። ጸሐፊው የዲኤችሲፒ ክላየንቱ ሆኖ ተገኘ። የአይፒ ኪራዩን በአዲስ መልክ ሲቀበል ብቻ ነበር የሚጽፈው። ለዚያ ነው ሰዓቱ መላ የሌለው የመሰለኝ።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ዲኤንኤሱን እንዳይነካ ለክላየንቱ ነገርኩት፤ ፋይሉን አንሲብል ብቻ እንዲጽፈው አደረግኩ። ሌላ ማሽን ላይ ግን በተቃራኒው አደረግኩ፤ ፋይሉን ለሪዞልቭድ ትቼ አንሲብል የሪዞልቭድን ኮንፊግ ብቻ እንዲጽፍ። ሁለቱም ያስኬዳሉ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኡቡንቱን በመሳሰሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ሪዞልቭ ኮንፍ እውነተኛ ፋይል አይደለም፤ ወደ ሌላ ቦታ የሚያመለክት ሊንክ ነው። ቴምፕሌት ስትልኩበት ሊንኩ በፋይል ሊተካ ይችላል። ከዚያ በኋላ ሪዞልቭድ የሚጽፈው ሌላ ቦታ፣ ፕሮግራሞች የሚያነቡት ሌላ ቦታ ይሆናል። ስለዚህ ማንኛውንም ፋይል አውቶሜት ከማድረጋችሁ በፊት ሊንክ መሆን አለመሆኑን እዩ።

ኦዲትዲን መጫን ካልተፈቀደላችሁ አይኖቲፋይም ይረዳል። የትኛው ፋይል እንደተጻፈ በሰዓቱ ይነግራችኋል፤ ማን እንደጻፈ ግን አይነግራችሁም። ደግሞ ፋይሉን ሳይሆን ፋይሉ ያለበትን ፎልደር ነው መከታተል ያለባችሁ። ብዙ መሣሪያዎች ፋይሉን በቀጥታ አይጽፉትም። አጠገቡ ጊዜያዊ ፋይል ጽፈው ስሙን ይቀይሩታል። አሮጌው ፋይል ሲተካ ክትትላችሁም አብሮ ይጠፋል።

እስካሁን ያወራሁት ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ሲጣሉ ነው። አንሲብል ከራሱ ጋር የሚጣላበትም ጊዜ አለ።

አንድ ቀን የማሽኖች ስምና አድራሻ በሚጻፍበት የሆስትስ ፋይል ላይ ሁለት ሮሎች (የአንሲብል የሥራ ጥቅሎች) ይሠሩ ነበር። አንዱ የዳታቤዝ ሰርቨሮችን አድራሻ ያስገባል፤ ሌላው የሞኒተሪንግ ሰርቨሩን። ሁለቱም የሚጠቀሙት ብሎክ ኢን ፋይል የሚባለውን ሞጁል ነው። ባስኬድኩት ቁጥር ሁለት ለውጥ ይላል። ፋይሉን ስከፍት ያለው የሞኒተሪንጉ አድራሻ ብቻ ነው። የዳታቤዙ የለም።

ሞጁሉ ያስገባውን ጽሑፍ በኋላ ለይቶ የሚያገኘው ከላይና ከታች በሚያደርጋቸው ምልክቶች ነው። ምልክቱን ካልሰየማችሁለት ለሁሉም አንድ ዓይነት ይጠቀማል። ሁለተኛው ሮል ሲመጣ የመጀመሪያውን ብሎክ ያየዋል። «ይሄ የእኔ ነው፣ ይዘቱ ግን ተበላሽቷል» ብሎ በራሱ ይተካዋል። በሚቀጥለው ጊዜ የመጀመሪያው ይመጣና እሱም እንዲሁ ያደርጋል። ለእያንዳንዱ የራሱ ምልክት ስትሰጡ ችግሩ ያበቃል። ግን ምልክቱን ስትቀይሩ አሮጌው ብሎክ ባለቤት አጥቶ እዚያው ይቀራል። ያንን ማውጣት የእናንተ ሥራ ነው። እኔ ይሄን ስላላወቅሁ አንድ ሰርቨር ለሳምንታት የተሻረ አድራሻ ሲጠቀም ቆየ።

መስመር በመስመር የሚያስገባው ላይን ኢን ፋይልም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። የምትፈልጉበት ፓተርን ካስገባችሁት መስመር ጋር ካልገጠመ ያለውን መስመር መተካት ይሳነዋል። ለምሳሌ «እኩል ይሆናል» ከሚለው ምልክት በፊት ክፍት ቦታ ያለውን መስመር እንዲፈልግ ነግራችሁት ክፍት ቦታ የሌለውን እንዲጽፍ ካዘዛችሁት፣ በኋላ ዋጋውን ስትቀይሩ አሮጌው መስመር ሳይነካ አዲሱ ከታች ይጨመራል። በዓመቱ ፋይሉን ስትከፍቱ አንዱ ነገር አራት ጊዜ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አራቱም የተለያየ ዋጋ አላቸው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። አንድን ፋይል በሙሉ በቴምፕሌት መጻፍ ከቻላችሁ በሙሉ ጻፉት። አንድን ፋይል በቴምፕሌትም በመስመርም መንካት ግን በፍጹም አይገባም።

ቴምፕሌትም ቢሆን ሊወዛወዝ ይችላል። ከላይ «ይህ ፋይል በዚህ ሰዓት ተጻፈ» የሚል ሰዓት ካስገባችሁበት ባስኬዳችሁት ቁጥር ይለወጣል፤ ሰርቪሱም በየጊዜው ሪስታርት ይሆናል። ዝርዝርን ሳይደረደር የሚያወጣ ከሆነም እንዲሁ ነው። ዝርዝሩን ደርድሩት፤ ሰዓቱን አውጡት። አለቀ።

አሁን በጣም ወደከበደኝ ልምጣ። ፋይሎቹ ፈጽሞ ሳይነካኩ የሚጋጩበት ዓይነት ነው። ማንም የማንንም ፋይል አልጻፈም። ሁለቱም ቦታቸው ላይ አሉ። አንዱ ግን አይሰማም።

ከርቀት ወደ ሰርቨር በምንገባበት ኤስኤስኤች ላይ በፓስወርድ መግባት እንዲከለከል ታዘዝኩ። የኤስኤስኤች ፎልደር ውስጥ 99 ብሎ የሚጀምር ትንሽ ፋይል አስገባሁ። 99 ያልኩት መጨረሻ ተነቦ እንዲያሸንፍ ነው። የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ቅንብር የሚጻፍበት ሲስሲቲኤል ላይ እንደዚያ ነው የሚሠራው፤ የኋላው የፊተኛውን ይሽራል። ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲም እንዲሁ ነው። ኤስኤስኤች ግን ተቃራኒው ነው! መጀመሪያ ያገኘውን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ይተወዋል። ሰርቨሩ ሲፈጠር የመጀመሪያውን ቅንብር የሚያስገባው ክላውድ ኢኒት 50 ብሎ የሚጀምር ፋይል አስቀምጦ ነበር። እሱ ውስጥ ፓስወርድ ይፈቀዳል ይላል። 50 ከ99 ቀድሞ ይነበባል። ስለዚህ አሸነፈ።

ዋናውን ፋይል ባስተካክለውም ለውጥ የለውም። ኡቡንቱ ላይ ያንን ፎልደር የሚጠራው መስመር የዋናው ፋይል አናት ላይ ነው፤ ትንንሾቹ ፋይሎች ይቀድማሉ። አንሲብል «ደህና ነው» ይላል። ፋይሌ ቦታው ላይ አለ፤ ይዘቱም ትክክል ነው። በሩ ግን ክፍት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ያስፈራል። ፋይሉን አይቶ «ተዘግቷል» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ይቻል ነበር። እኔም ልጽፍ ነበር።

ያዳነኝ ፋይሉን ትቼ ፕሮግራሙን ራሱን መጠየቄ ነው። ኤስኤስኤችዲን በትልቁ ቲ አማራጭ ስታስነሱት አጠቃላይ ሥራ ላይ ያለውን ቅንብር ይዘረዝራል። ፋይሎቹ ሁሉ ተነበው የወጣው የመጨረሻው ውጤት እሱ ነው። ኤንጂንኤክስም ትልቁ ቲ አለው፤ የሚያነባቸውን ፋይሎች በሙሉ ከነስማቸው ያወጣል። ለሲስተምዲ ሲስተምሲቲኤል ካት የሚለው አለ። ለሱዶ ደግሞ ቪሱዶ የሲንታክስ ስህተትን ይፈትሻል። ሱዶ ግን አንድ የተለየ ጠባይ አለው። በሱዶወርስ ፎልደር ውስጥ ስሙ ላይ ነጥብ ያለበትን ፋይል ዝም ብሎ ያልፈዋል። ፋይላችሁን በነጥብ ኮንፍ ብላችሁ ከሰየማችሁት ስህተት እንኳ አይሰጣችሁም፤ አይነበብም ብቻ።

ባክአፕ ፋይልም እዚህ ላይ ይመጣል። አንሲብልን ከመለወጡ በፊት ቅጂ እንዲያስቀምጥ ልታዙት ትችላላችሁ፤ ጥሩ ልማድ ነው። ቅጂውን የሚያስቀምጠው ግን እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው። ዴቢያን ላይ ኤንጂንኤክስ ሳይትስ ኢኔብልድ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ ያነባል፤ የፋይሉ ስም በምን እንደሚያልቅ አይመርጥም። ቅጂውም ተነበበ። ሁለቱም «እኔ ነኝ ዲፎልቱ» አሉ። ኤንጂንኤክስ አልነሳም አለ። እኛ ባክአፑን እዚያ ፎልደር ላይ አጥፍተነዋል። ቴምፕሌቱ የለውጦች ታሪክ በሚቀመጥበት ጊት ውስጥ ስላለ የድሮውን ከዚያ እናገኘዋለን።

ስለ ፓኬጅ (ፕሮግራም ታሽጎ ስለሚመጣበት ጥቅል) በአጭሩ ልበል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ አፕዴት ሲመጣ የኮንፊግ ፋይሉ በእናንተ ተቀይሮ ከሆነና አዲሱ ፓኬጅም የተቀየረ ይዞ ከመጣ፣ ፓኬጅ የሚጭነው ዲፒኬጂ «የቱን ልያዝ?» ብሎ ይጠይቃል። በአውቶሜሽን ሲሆን የሚመልስለት ሰው የለም፤ አፕዴቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል ወይም ይከሽፋል። ነባሩን ያዝ የሚለውን አማራጭ አስቀድማችሁ አስገቡለት። አዲሱን ዲፒኬጂ ዲስት የሚል ቅጥያ ሰጥቶ አጠገቡ ያስቀምጥላችኋል። ሬድ ሃት ቤተሰብ ላይ አርፒኤም ኒው የሚል ቅጥያ ካያችሁ የእናንተ ፋይል አለ፣ አዲሱ ጎን ተቀምጧል ማለት ነው። አርፒኤም ሴቭ ካያችሁ ግን ተጠንቀቁ። የእናንተ ወደ ጎን ተገፍቶ አዲሱ ቦታውን ይዟል ወይም ፓኬጁ ራሱ ወጥቷል። እኔ ከእያንዳንዱ ትልቅ አፕዴት በኋላ እነዚህን ቅጥያዎች እፈልጋለሁ።

ሁለት ፓኬጆች አንድ ፋይል ይዘው ሲመጡ ደግሞ ዲፒኬጂ «ይሄ ፋይል የሌላ ፓኬጅ ነው» ብሎ ይቆማል። በግድ እንዲጽፍ የሚያደርግ አማራጭ አለ። አትንኩት። ፋይሉ የማን እንደሆነ ዲፒኬጂን በትልቁ ኤስ፣ ሬድ ሃት ላይ ደግሞ አርፒኤምን በኪውኤፍ ጠይቁ። እኔ ባጋጠመኝ ጊዜ ሁሉ ምክንያቱ ከሁለት ሪፖዚተሪ (የፓኬጅ ማከማቻ) የመጣ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ነበር። አንዱን ሪፖዚተሪ ስዘጋው ጉዳዩ አለቀ።

ወደ ስድስቱ ሰርቨሮች ልመለስ። ክሮኑን ብቻ አንስቼ ልተወው እችል ነበር። ግን ፐፔት ሌላ ምን ምን እንደሚጽፍ አላወቅሁም ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት ፐፔትን ኑፕ በሚባለው ሁኔታ ማስኬድ ነው። ያኔ ምንም አይነካም፤ ሊለውጥ የሚፈልገውን ብቻ ይናገራል። የተናገረውን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ከኤንጂንኤክስ ሌላ አራት ፋይሎች ነበሩ፤ አንዱ የሱዶ ፈቃድ ነው። እነሱን አንድ በአንድ ወደ አንሲብል አዛወርኩ። አንሲብልን በቼክና በዲፍ አማራጮች (ሳይለውጥ ልዩነቱን ብቻ እንዲያሳይ) እያስኬድኩ ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር እስኪናገሩ ጠበቅሁ። ክሮኑን ያነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ የነበረን ፐፔት የቆየ ቨርሽን ስለነበር የተካቸውን ፋይሎች ቅጂ በራሱ ቋት ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ከዚያ ላይ የድሮ ይዘቶችን ማውጣት ችያለሁ። ቋቱን ሳታዩ ፐፔትን ከማሽን ላይ አታጥፉ።

አንጋፋው ባልደረባችን አጠገቤ ተቀምጠው ነበር የሠራነው። እያንዳንዱ መስመር ለምን እንደገባ እሳቸው ያውቃሉ። አንዱን መስመር ላጠፋው ስል እጄን ያዙኝ። «ይቺን ተዋት፤ ሞኒተሪንጉ የሚገባው በእሷ ነው» አሉኝ። ማንም ሰነድ ላይ አልተጻፈም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምንጽፈው ፋይል ሁሉ አናቱ ላይ ሁለት ነገር አለበት። በየትኛው መሣሪያ እንደሚጻፍና ምንጩ ጊት ውስጥ የት እንደሚገኝ። በሌሊት ተነስቶ ፋይሉን የሚከፍት ሰው የት ሄዶ መቀየር እንዳለበት ወዲያው ያያል። አዲስ ሮል የሚጽፍ ሰው ደግሞ የፋይሉን ስም መጀመሪያ ጊት ውስጥ ይፈልጋል፤ ሌላ ሮል ይዞት ከሆነ ከባለቤቱ ጋር ይነጋገራል። በየጠዋቱም አንሲብል ሁሉም ሰርቨር ላይ በቼክ አማራጭ ይዞራል፤ ምንም አይለውጥም። የለውጡ ቁጥር ዜሮ ካልሆነ መልዕክት ይደርሰናል።

ባለፈው ሳምንት መልዕክት መጣ። አንድ ሰርቨር፣ አንድ ለውጥ። ዲፉ ላይ አንድ የታይምአውት መስመር ከ30 ሰከንድ ወደ 90 ተቀይሯል። ኦዲቱን ከፈትኩ። ኤዩአይዲው የአንድ ወጣት ባልደረባዬ ነው፤ ሰዓቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ። ደወልኩለት። «ሌሊት ሪፖርቱ እየተቋረጠ ነበር፤ ጠዋት ቴምፕሌቱ ላይ አስገባዋለሁ ብዬ ረሳሁት» አለኝ። «ና፣ አብረን እናስገባው» አልኩት። ቴምፕሌቱ ላይ 90 አደረግነው፤ ለምን እንደሆነ ከጎኑ ጻፍን። ሁለት ጊዜ አስኬድነው። ሁለተኛው ላይ ዜሮ አለ።